«ጫት ያሳብዳል?» የአእምሮ ሕመምን መንስኤ ለማጥናት የትኛውን ዘዴ እንምረጥ?

የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ ብዙ የሳይኮሎጂ ተማሪ የሚጀምረው ከዘዴው ነው። «መጠይቅ እበትናለሁ፣ በኮምፒውተር እተነትናለሁ» ይላል። ጥያቄው በኋላ ይፈለግለታል። በዚህ መንገድ ብዙ ልፋት ሜዳ ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ጥያቄው ይለይ። ቀጥሎ «የኔን መልስ ሊያፈርስ የሚችለው ሌላ ማብራሪያ የቱ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። መመረጥ ያለበት ያንን ማብራሪያ ከመንገድ የሚያስወግደው ዘዴ ነው።

ይህን የጻፍኩት የአብኖርማል ሳይኮሎጂ መግቢያ ለሚማሩ፣ ፕሮፖዛል ለሚያዘጋጁ፣ እንዲሁም «ጥናት አረጋገጠ» የሚል ዜና ሲያዩ ምን ያህል ማመን እንዳለባቸው ግራ ለሚገባቸው ነው። ዘዴዎቹን በደረቁ ከመዘርዘር አንድ ጥያቄ ይዘን እንሂድ። ጥያቄው በየቤቱ የሚነሳ ነው፦ ጫት ያሳብዳል? በትምህርቱ አነጋገር፣ ጫት መቃም የሳይኮሲስ መንስኤ ነው ወይ? ሳይኮሲስ ስንል ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማትን፣ «እየተከታተሉኝ ነው» ብሎ ያለ ማስረጃ ማመንንና የመሳሰሉትን ማለታችን ነው። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥርጣሬው መሠረት አለው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ማነቃቂያ ነው። አምፌታሚን በብዛት ሲወሰድ ሳይኮሲስ ሊያመጣ እንደሚችል ይታወቃል። በሌላ በኩል ዕድሜ ልካቸውን ቅመው ምንም ያልሆኑ ሰዎች በየሰፈሩ ሞልተዋል።

ጫት የሚቅሙ ሰዎች ላይ ሳይኮሲስ በዝቶ ቢገኝ እንኳ ሦስት ተቀናቃኝ ማብራሪያዎች አሉ። አንደኛው፣ ነገሩ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ቀድሞ መጥቶ ሰውየው መጥፎ ስሜቱን ለማስታገስ ጫት ጀምሮ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ሁለቱንም የሚያመጣ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ሥራ አጥነት፣ ጦርነት ላይ ያዩት ነገር፣ ከበርጫ በኋላ ለጨብሲ የሚጠጣው አልኮል። ሦስተኛው፣ የጠየቅናቸው ሰዎች አመራረጥ ራሱ ተዛምዶውን ፈጥሮት ሊሆን ይችላል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ዘዴ የምንመዝነው በእነዚህ ሦስቱ ነው።

የአንድ ሰው ታሪክና ጥልቅ ቃለ መጠይቅ

ኬዝ ስተዲ የሚናቅ ዘዴ አይደለም። አዲስ ወይም ብርቅ ነገር ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚታየው በእሱ ነው። ችግሩ ማነጻጸሪያ የለውም። አንድ ወጣት ለሦስት ቀን ሳይተኛ ቅሞ ድምፅ መስማት ጀመረ እንበል። ጫቱ ነው? እንቅልፍ ማጣቱ ነው? ሊመጣ የነበረው ስኪዞፍሬኒያ (ሳይኮሲስ ጎልቶ የሚታይበት ከባድ የአእምሮ ሕመም) ነው? ከአንድ ታሪክ ብቻ መለየት አይቻልም።

ይህን ድክመት የዘነጋ ጥናት ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ የሚያሳየው የክትባቱና የኦቲዝም ጉዳይ ነው። በ1998 በእንግሊዝ በ12 ሕፃናት ታሪክ ላይ ተመርኩዞ የወጣ ጽሑፍ የኩፍኝ ክትባት ከኦቲዝም ጋር እንደሚያያዝ ፍርሃት ዘራ። በ2002 የዴንማርክ ተመራማሪዎች ከ537,000 በላይ ሕፃናትን መዝገብ ተከትለው በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል ልዩነት አላገኙም። የመጀመሪያው ጽሑፍ በ2010 ተሰረዘ። ወሬው ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ የእኛም ወላጆች በስልካቸው ይደርሳቸዋል።

ጥልቅ ቃለ መጠይቅ የሚጠቅምበት ሌላ ቦታ አለ። «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው ለምን ጫት እንደሚቃም ተጠይቀው ነበር፤ ጥናቱ በ2011 ታትሟል። ከመልሶቹ መካከል ከሰው ጋር ለመቀላቀል፣ ረሃብን ለማስታገስ፣ መድኃኒቱ የሚያመጣውን ድካም ለመቋቋም የሚሉ ነበሩበት። እዚህ ላይ ቆም በሉ። መድኃኒቱን ለመቋቋም ከሆነ የሚቃመው፣ ሕመሙ ከጫቱ ቀድሟል ማለት ነው። ቁጥር የሚሰበስብ መጠይቅ ብቻውን ይህን አይነግረንም ነበር። የመጀመሪያው ተቀናቃኝ ማብራሪያ የምር መሆኑን ያሳወቀን ሰውን ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነው።

በአንድ ጊዜ የሚደረግ ሰርቬይ

ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ለዚህም ነው ሁሉም የሚመርጠው። «ምን ያህል ሰው?» ለሚል ጥያቄ ከእሱ የተሻለ የለም። በ1990ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ በተደረገ ሰፊ ጥናት ከአዋቂዎቹ ግማሽ ያህሉ በወቅቱ ጫት ይቅሙ ነበር። ይህ ትልቅ መረጃ ነው። ልማዱ ምን ያህል እንደተስፋፋ ይነግረናል።

ለመንስኤ ግን ደካማ ነው። ጫቱንም ምልክቱንም በአንድ ቀን ስለሚጠይቅ የትኛው እንደቀደመ አያውቅም። ርዕሳችሁ ላይ «ተጽዕኖ» የሚል ቃል ካለ ዘዴያችሁ ደግሞ የአንድ ጊዜ ሰርቬይ ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱን ቀይሩ። «ተዛምዶ» ብላችሁ ጻፉ። አድቫይዘራችሁ ባያርማችሁ እንኳ ራሳችሁ አርሙት።

ታማሚውን ከጤነኛው ማነጻጸር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኛ አገር ተማሪ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ መንስኤ ሊጠጋ የሚችለው በዚህ ዘዴ ነው፤ ሳያውቀው የሚሳሳተውም እዚሁ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሕመሙ ያለባቸውን ትመርጣላችሁ፣ የሌለባቸውን ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ ሁለቱንም ወደ ኋላ ስለ ጫት ትጠይቃላችሁ። ጣጣው ያለው «የሌለባቸው» የሚባሉት ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል የራሴን ቁጥር ልፍጠር። ሆስፒታል ካገኛችኋቸው 100 ወንድ ታማሚዎች 70ው ይቅማሉ። 30ው አይቅሙም። ማነጻጸሪያ ስትፈልጉ እዚያው ግቢ ያሉ ሠራተኞችን ጠየቃችሁ። ከ100ው 25 ይቅማሉ። 70 ሲካፈል ለ30፣ 2.3 ግድም ነው። 25 ሲካፈል ለ75፣ 0.33 ነው። የመጀመሪያው ከሁለተኛው 7 እጥፍ ይበልጣል። ዜና ነው! አሁን ደግሞ ሠራተኞቹን ትታችሁ፣ ታማሚዎቹ ከመጡበት ሰፈር እኩዮቻቸው የሆኑ 100 ወንዶችን ጠየቃችሁ። 60ው ይቅማሉ። 60 ሲካፈል ለ40፣ 1.5 ነው። ልዩነቱ ወደ 1.6 እጥፍ ወረደ። ታማሚዎቹ አልተቀየሩም፣ ጫቱም አልተቀየረም። የተቀየረው ከማን ጋር እንዳነጻጸርናቸው ብቻ ነው።

ጫት በአካባቢ፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በሥራ ዓይነት በጣም ስለሚለያይ በዚህ ርዕስ ላይ ማነጻጸሪያ መምረጥ የጥናቱ ግማሽ ሥራ ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ «ይህ ሰው ቢታመም ኖሮ እዚሁ ሆስፒታል ይመጣ ነበር ወይ?» መልሱ አዎ ከሆነ ለማነጻጸሪያ ይሆናል።

ሁለተኛው አደጋ ትውስታ ነው። ልጁ የታመመበት ቤተሰብ ያለፈውን ሁሉ ደጋግሞ ያስባል። «ይሄ ምርቃና ነው የጣለብኝ» ያለች እናት ልጇ መቼ መቃም እንደጀመረ በደንብ ታስታውሳለች። የጤነኛው እናት ግን ለማስታወስ ምክንያት የላትም። ስለዚህ «ይቅማል?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። በስንት ዓመቱ ጀመረ? በሳምንት ስንት ቀን? ሌሊቱን ያነጋል? የመጀመሪያው ምልክት የታየው ከየትኛው በዓል በፊት ነው፣ ከየትኛው በኋላ? ሰው ቀንን በበዓል፣ በክረምት፣ በትምህርት ቤት ዓመት ነው የሚያስታውሰው።

በ2005 የታተመ የሐርጌሳ (ሶማሊላንድ) ጥናት ቤት ለቤት ከ4,800 በላይ ሰዎችን አዳረሰ። ከዚያም ከባድ ምልክት የታየባቸውን ከሌላቸው ጋር አነጻጸረ። በብዛት መቃምና በለጋ ዕድሜ መጀመር ከሕመሙ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ቤት ለቤት መሄዱ ሦስተኛውን ተቀናቃኝ ማብራሪያ ያዳክማል፤ ሆስፒታል የመጡትን ብቻ አላየምና። ሆኖም የትውስታ ችግሩና በአካባቢው የነበረው ጦርነት ያመጣው ጣጣ አብረው አሉ።

ለዓመታት መከታተል

የትኛው ቀደመ የሚለውን በደንብ የሚመልሰው ይህ ነው። በጫት ላይ ሳይሆን በካናቢስ (ሐሺሽ) ላይ የተደረገው የስዊድን ጥናት ጥሩ ማሳያ ነው። በ1969 እና 1970 ለውትድርና የቀረቡ ከ45,000 በላይ ወጣቶች ስለ ካናቢስ ተጠየቁ፤ ለ15 ዓመት መዝገባቸው ክትትል ተደረገበት። በ1987 ውጤቱ ሲታተም ከ50 ጊዜ በላይ የወሰዱት ጭራሽ ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ የስኪዞፍሬኒያ ዕድላቸው 6 እጥፍ ግድም ነበር። ሌሎች ነገሮች ከስሌቱ ሲስተካከሉ ቁጥሩ በጣም ቀነሰ። ግን አልጠፋም። የሁለተኛውን ተቀናቃኝ ማብራሪያ ጉልበት እዚህ ላይ በዓይናችን እናየዋለን።

የእኛው ቡታጅራ በዓለም ከሚጠቀሱት የክትትል ጥናቶች አንዱ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ግድም ያለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ከ68,000 በላይ ሰዎች ተጠይቀው፣ ከመካከላቸው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተው ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። በዚህ ልንኮራ ይገባል። ነገር ግን አንድ ልዩነት ልብ በሉ። የተከታተሉት አስቀድሞ የታመሙትን ነው። ስለዚህ ጥናቱ አጥርቶ የሚናገረው ስለ ሕመሙ አካሄድ ነው፤ ማን እንደሚሻለው፣ ማን እንደሚደክም፣ ማን ያለ ዕድሜው እንደሚሞት። ማን እንደሚታመም ለማወቅ ጤነኞችን ይዞ መነሳት ያስፈልጋል።

እዚያው ጥናት ላይ የሚያጓጓ ቁጥር አለ። ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው መካከል ወንዶቹ ከሴቶቹ 5 እጥፍ ግድም ይበዙ ነበር። በሌሎች አገሮች ልዩነቱ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ጫት የሚቅመው በአብዛኛው ወንዱ ነውና «አገኘነው!» ማለት ያምራል። አትቸኩሉ። የታመመች ሴት ቤት ውስጥ ተደብቃ ለጥናቱ ታማሚ የሚጠቁሙት የአካባቢው ሰዎች ሳያውቋት ቀርታ ይሆናል። ወንዱ ደግሞ መንገድ ላይ ሲወጣ ሁሉም ያየዋል። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ታሪክ። የክትትል ጥናትም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

ሙከራ

በዕጣ መመደብ ሦስቱንም ተቀናቃኝ ማብራሪያዎች በአንድ ጊዜ ያስወግዳል። ለዚህ ነው የሚከበረው። ግን ማንም ሰው ወጣቶችን በዕጣ ከፍሎ «እናንተ ቃሙ፣ እናንተ አትቃሙ» ሊል አይችልም፤ አይገባምም። ስለዚህ በአእምሮ ሕመም መንስኤ ላይ ሙከራ የሚሠራው በተዘዋዋሪ ነው። አንዱ መንገድ እንስሳት ናቸው፤ በ1967 ሴሊግማንና ማየር የተባሉ ተመራማሪዎች ማምለጥ የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች በኋላ ማምለጥ ሲችሉም እንደማይሞክሩ አሳዩ። ከዚያ ስለ ድብርት ብዙ ሐሳብ ፈለቀ። ውሻ ግን ውሻ ነው፣ የሰውን ድብርት ሙሉ በሙሉ አይወክልም።

ሌላው መንገድ ጎጂውን ነገር በዕጣ ማንሳት ነው። በሮማኒያ ዋና ከተማ በቡካሬስት በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሄዱ። አራት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው በቤተሰብ ያደጉት ላይ የጭንቀትና የድብርት ዓይነት ችግር ቀንሶ ታየ። የሕፃንነት ዕጦት መንስኤ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጥናት ማግኘት ይከብዳል። ሌሎቹ ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ መቅረታቸው ደግሞ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክርክሩ ተገቢ ነው።

መንትዮችና የማደጎ ልጆች

ይህን ዘዴ ተማሪ ለመመረቂያ አይመርጠውም፤ ማንበብ ግን አለበት። ምክንያቱም የእናቶችን ሸክም ያነሳው ይህ ዘዴ ነው።

ለዓመታት በአሜሪካ ለልጅ ኦቲዝም «ቀዝቃዛ እናት» ትወቀስ ነበር። ማስረጃው የሐኪሞች ምልከታ ብቻ ነበር። ልጇ የማይመልስላት እናት ስትደክም ያየ ሰው፣ ድካሟን መንስኤ አደረገው። በ1977 ፎልስታይንና ራተር 21 ጥንድ መንትዮችን አጠኑ። የዘር ውርሳቸው አንድ ከሆነው 11 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበራቸው፤ እንደ ተራ ወንድምና እህት ከሆኑት 10 ጥንድ የማይመሳሰሉ መንትዮች ግን ሁለቱም ኦቲዝም ያለባቸው አንድም ጥንድ አልነበረም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ መልእክቱ ግን ትልቅ። በዘር የሚወረስ ነገር ጉልህ ድርሻ አለው። እኛም ጋ እናቲቱ በእርግማን ወይም በበደል ትጠረጠራለችና ይህን ጥናት የሚያውቅ ተማሪ ቢበዛ ደስ ይለኛል።

በ1966 ሄስተን ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው እናቶች ተወልደው ወዲያው ተለይተው ያደጉ 47 ልጆችን ተከታተለ። 5ቱ ያንኑ ሕመም ያዙ። ሕመሙ ከሌለባቸው እናቶች ከተወለዱት 50 ማነጻጸሪያዎች ማንም አልታመመም። እናትየው አላሳደገቻቸውም፤ ስለዚህ አስተዳደጓ መንስኤ ሊሆን አይችልም።

ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ አንሂድ። ከተመሳሳይ መንትዮች አንዱ ስኪዞፍሬኒያ ሲይዘው ሌላውን የሚይዘው በግማሽ ያህሉ ነው። ዘር ብቻውን ቢሆን ኖሮ መቶ በመቶ በሆነ ነበር። ሥነ ሕይወት፣ ሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ኑሮ ብለን የምንከፍላቸው መንስኤዎች ለፈተና የምንሸመድዳቸው ተፎካካሪ ቡድኖች አይደሉም። አንዱ ተጋላጭ ያደርጋል፣ ሌላው ይገፋል።

የአንጎል ፎቶ የሚያሳይ ዜና ስታነቡ የ2002ቱን የአሜሪካ ጥናት አስታውሱ። ከጦርነት በኋላ የሥነ ልቦና ጠባሳ ባለባቸው ወታደሮች ላይ ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል አንሶ ይታይ ነበር። ሁሉም ጦርነቱ አኮሰሰው ብሎ ያስብ ነበር። ጦርነት ያልሄዱት ተመሳሳይ መንትዮቻቸው ሲታዩ የእነሱም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ማነሱ ቢያንስ በከፊል ቀድሞ የነበረ ነበር።

ታዲያ የቱን ልምረጥ?

አራት ወር ጊዜና ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ምርጫው ሦስት ነው። «ምን ያህል?» ካላችሁ ሰርቬይ፤ «ለምን፣ እንዴት?» ካላችሁ ጥልቅ ቃለ መጠይቅ፤ «ከምን ጋር ይያያዛል?» ካላችሁና ማነጻጸሪያ ማግኘት ከቻላችሁ ደግሞ የታማሚና የጤነኛ ንጽጽር። ክትትል የሚያስፈልገው ጥያቄ ካላችሁ አዲስ ከመጀመር ቀድሞ የተሰበሰበ መረጃ ለመጠቀም ጠይቁ። የጫቱን ጥያቄ ለመመረቂያ የሚወስድ ቢያማክረኝ ሁለት እንዲያጣምር ነው የምመክረው፦ ጥቂት ጥልቅ ቃለ መጠይቅ መጀመሪያ፣ ከሰፈር እኩዮች ጋር ንጽጽር ቀጥሎ። መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» እንዲሆን አይጠብቅ። እስካሁን ያለው ማስረጃ የሚያዘነብለው በለጋ ዕድሜ ተጀምሮ በብዛት ሲቃም፣ በተለይ አስቀድሞ ተጋላጭ በሆነ ሰው ላይ፣ አደጋው ይጨምራል ወደሚለው ነው። አብዛኛው ቃሚ ግን ሳይኮሲስ አይዘውም።

ሌላ ተወዳጅ ርዕስ አለ፤ ከዓረብ አገር የተመለሱ የቤት ሠራተኞች የአእምሮ ጤና። ሁልጊዜ የሚጠየቁት ተመላሾቹ ብቻ ናቸው። ውጤቱ «ብዙዎቹ ተጨንቀዋል» ይሆናል። እውነት ነው፣ ግን ከማን አንጻር? ከሴት ሠራተኞች ሁሉ ጋር ብታነጻጽሩ አይሆንም፤ የሄዱት ከመሄዳቸው በፊትም ኑሮ የከበዳቸው ነበሩ። ሊሄዱ ተመዝግበው ያልተሳካላቸውን ወይም አገር ቤት የቀሩ እህቶቻቸውን ብትጠይቁ ጥናታችሁ አሁን ካሉት ብዙዎቹን ይበልጣል። ወጪው ያው ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት አንድ ነገር በወረቀት ይኑራችሁ። ድብርትን ለመለካት ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙበት ፒኤችኪው-9 መጨረሻው ጥያቄ ስለ ሞት ወይም ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው። «አዎ፣ በየቀኑ» የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። ያኔ ማን ጋ እንደምትደውሉ፣ ሰውየው ያን ዕለት የት እንደሚታይ፣ ትራንስፖርቱን ማን እንደሚከፍል ከጤና ጣቢያው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ባይጠይቃችሁም ስልክ ቁጥሩ መጠይቁ ጀርባ ላይ ተጽፎ ይሂድ።